በዘቢብ ፈንታ የበረሓ ፍሬ፦ ስለ በዓል ዳቦ በገዳሪፍና በወሰኑ አካባቢ

የበዓል ዋዜማ በደረሰ ጊዜ በገዳሪፍ ከተማና በዙሪያዋ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ዱቄትና ስለ ዘቢብ ነው። ኢትዮጵያዊቱና ኤርትራዊቱ እመቤት ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ አምባሻውን በዘቢብና በሄል አጣፍጣ ትጋግራለች፤ ሱዳናዊቱ ጎረቤቷም ለዒድ ከዕኩን በተምር ሞልታ ለእንግዳ ታቀርባለች። ነገር ግን ዘቢብ የዚህ አገር ፍሬ አይደለም። ከባሕር ማዶ መጥቶ በፖርት ሱዳን ወደብ ይገባና ረጅሙን መንገድ አልፎ ገዳሪፍ ይደርሳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ገንዘቡ ዋጋ አጥቷል፤ መንገዱም አስጊ ሆኗል፤ ከጦርነቱ የሸሸውም ሕዝብ ከተማይቱን ሞልቷታል። ስለዚህ ዘቢብ ለብዙው ቤት የማይቀመስ ነገር ሆኖ ቀርቷል።

ይህ እንዲህ ሲሆን በዚያው ገበያ፣ ከባለ ዘቢቡ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሴቶች ጆንያቸውን ገልጠው ነብቅ፣ ጎንጎሌስ፣ ጉደይም፣ ዓረዲብና ዶም ሲሸጡ ይታያሉ። ሁሉም ከዱር የተለቀሙ ፍሬዎች ናቸው። ሕዝቡ ገዝቶ መጠጥ ያዘጋጅባቸዋል፤ ለልጆችም መቆርጠሚያ ይሰጣቸዋል፤ ወደ ሊጥ የሚያስገባቸው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከእነዚህ ፍሬዎች መካከል የትኛው በዘቢብ፣ የትኛው በስኳር፣ የትኛው በሎሚ ፈንታ ሊገባ እንደሚችል፣ የትኛውም ከቡሆቃ ርቆ መቆየት እንዳለበት ከዚህ በታች ይገለጻል።

በመጀመሪያ ስለ ስሞቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በወሰን አገር አንድ ዛፍ ሦስት ስም፣ አንድ ስምም ሁለት ዛፍ ይኖረዋልና። ከጎንደርና ከመተማ የመጣው ሰው ቁርቁራ የሚለውን ትግርኛ ተናጋሪው ገባ ይለዋል፤ ሱዳናውያን ደግሞ ዛፉን ሲድር፣ ፍሬውን ነብቅ ብለው ይጠሩታል። አማርኛ ተናጋሪው ሮቃ ወይም ሁመር የሚለው ኮምጣጣ ፍሬ በሱዳን ዓረዲብ ነው። ጎንጎሌስ የሚባለው ግንዱ እንደ ጎተራ የወፈረው ዛፍ ፍሬ ነው። ሱዳናውያን ዛፉን ተበልዲ፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች ዱማ፣ አንዳንድ አማርኛ ተናጋሪዎችም ባምባ ይሉታል። ነገር ግን ባምባ የሚለው ስም በብዙ ስፍራ ለሾላ ዘመድም ስለሚነገር፣ በስም ብቻ ልጅን ወደ ገበያ ወይም ወደ ዱር መላክ ስሕተት ያመጣል። ፍሬውን በእጅ አስይዞ ማሳየት ይሻላል።

ለዳቦ ከሁሉ የሚበልጠው ቁርቁራ ነው። ዛፉ እሾሃም ሲሆን በድርቅ ጊዜም ቅጠሉ አይረግፍም፤ በወንዝ ዳር፣ በእርሻ ወሰንና በመቃብር ቦታ ይገኛል። ክርስቲያኖች የጌታ የእሾህ አክሊል ከዚህ ዛፍ የተጎነጎነ ነው የሚል የቆየ ትውፊት አላቸው፤ በእስልምናም ሲድር በቁርኣን የተጠቀሰ ዛፍ ከመሆኑ በላይ ሬሳ በቅጠሉ ይታጠባል። ሁለቱም ወገኖች ስለሚያከብሩት በየመንደሩ ሳይቆረጥ የቀረ አሮጌ ቁርቁራ ማየት የተለመደ ነው። ፍሬው የሚበስለው ዝናቡ ካለፈ በኋላ በበጋው ወራት ነው፤ ስለዚህ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው ገና ፍሬው በሚለቀምበት ጊዜ ላይ ይወድቃል። ለበዓሉ ከሩቅ አገር ዘቢብ ሲጠበቅ የቅርቡ ፍሬ ከዛፉ ሥር ተነጥፎ መታየቱ የሚያስገርም ነው።

የቁርቁራ ዳቦ አዲስ ፈሊጥም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1796 በምዕራብ አፍሪካ የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ሙንጎ ፓርክ የአገሩ ሰዎች የዚህን ዘመድ የሆነ ፍሬ ጥቂት ቀን በፀሐይ አድርቀው፣ በእንጨት ሙቀጫ ቀስ ብለው ወቅጠው፣ ዱቄቱን ከፍሬው ድንጋይ ለይተው፣ በጥቂት ውሃ ጠፍጥፈው እንደሚያደርቁትና ጣዕሙም እጅግ ጣፋጭ ከሆነ የዝንጅብል ዳቦ ጋር እንደሚመሳሰል በ1799 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጿል። እሱ ያየው ዱቄት በገዳሪፍ ማንኛዪቱም እመቤት በገዛ ሙቀጫዋ ልታወጣው የምትችለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬው በዛፉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቡናማ ሲሆን ይለቀማል፤ ወይም ከገበያ ይገዛል። ትል የበዛበት ፍሬ ስለሚኖር በመጀመሪያ በሰፌድ ይንጓለላል፤ ቀጥሎም በውሃ ውስጥ ይደፋል። የተበላውና የቀለለው ይንሳፈፋልና ተለይቶ ይጣላል። የቀረው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ እንደገና በደንብ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዘነዘናው ግን መቅለል አለበት። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር እንደ ጠጠር የጠነከረ ስለ ሆነ በኀይል ቢመታ ተሰባብሮ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃል፤ በበዓል ቀንም የእንግዳ ጥርስ ይሰብራል። በቀስታ ሲወቀጥ ሥጋው እየተፈረፈረ ይለያል፤ ዘሩም ሙሉውን ይቀራል። ዱቄቱ ሁለት ጊዜ በጠባብ ወንፊት ይነፋል። እንደ ዘቢብ በሊጡ ውስጥ የሚታይ ቁራጭ ለሚፈልግ ደግሞ ፍሬውን ሁለትና ሦስት ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ሥጋውን በጣት ከዘሩ እየላጡ ማውጣት ይቻላል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ልጆችን አስቀምጦ ማሠራት የተለመደ ነው፤ ግማሹን እየበሉ እንደሚጨርሱት ግን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት መቶ ግራም ያህል የቁርቁራ ዱቄትና መቶ ሃምሳ ግራም ያህል የተላጠ ሥጋ ይበቃል። የቁርቁራው ዱቄት ከዚህ ከበዛ ሊጡ ይከብዳል፤ አይነሣምም። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል ወይም ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ጨውና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመራል። ለጾመኛም ሆነ ለፈሳኪ ስለሚስማማ ዘይቱ ከቅቤ ይመረጣል። ፍሬው ራሱ ጣፋጭ ስለ ሆነ ስኳር የግድ አያስፈልግም፤ እርሾውን ለማንቃት አንዲት የሻይ ማንኪያ ትበቃለች። ፍሬው የተዘፈዘፈበት ውሃም ከተጠለለ በኋላ ሊጡን ለማቡካት ይውላል እንጂ አይደፋም።

ከደጋ የመጡ ጋጋሪዎች በቆላ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር ሊጡን የሚያቆዩበት ጊዜ ነው። በጎንደር ወይም በአሥመራ ሁለት ሰዓት የሚፈልገው ሊጥ በገዳሪፍ ሙቀት ከዚያ በጥቂት ጊዜ ኩፍ ብሎ ይወጣል፤ የፍሬው ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ ይቸኩላል። ብዙ ከቆየ ይኮመጥጣል፤ በምጣድም ላይ ይጠፈጠፋል። ስለዚህ የማቡኪያው ውሃ ከሸክላው ዚር የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ቢሆን፣ ሊጡም በጥላ ቢቀመጥና በሰዓት ሳይሆን በዓይን ቢጠበቅ ይሻላል። ሲጋገርም እሳቱ ለስላሳ መሆን አለበት፤ የፍሬው ስኳር ፈጥኖ ያራልና። ቁራጮቹ በአምባሻው ፊት ላይ ከወጡ ስለሚጠቁሩ ወደ ውስጥ ተደብቀው መቅረት አለባቸው። በፊቱ ላይ የሚሳለው ጌጥ ግን እንደ ልማዱ በቢላዋ ይወጣል።

ጎንጎሌስና ዓረዲብ ጣፋጮች ሳይሆኑ ኮምጣጣዎች ስለ ሆኑ ሥራቸው ሌላ ነው። እነሱን በዘቢብ ቦታ ያስገባ ሰው ዳቦውን ያበላሻል። የሚገቡት በሎሚና በዳቦ ማንሻ ዱቄት ቦታ ነው። ከሱቅ የሚገዛው የዳቦ ማንሻ ዱቄት በመሠረቱ ቢካርቦኔትና ደረቅ አሲድ ተደባልቀው የተዘጋጁበት ነው፤ ሁለቱ ውሃ ሲነካቸው አየር ይለቃሉ፤ ሊጡንም የሚነፋው ይኸው አየር ነው። የጎንጎሌስ ዱቄት ሲትሪክና ታርታሪክ የሚባሉ አሲዶች ስላሉበት ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ የደቡብ አፍሪካ ሰፋሪዎችም በዚህ ምክንያት ዛፉን ለዳቦ በሚጨመረው አሲድ ስም ጠርተውታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ ዱቄት ለምግብነት በገበያው እንዲሸጥ ከፈቀደ ወዲህ በሩቅ አገር ትንሿ ከረጢት በውድ ዋጋ ትሸጣለች።

ለአገልግሎት ሲፈለግ ቅሉ ይሰበራል፤ በውስጡ ያለው ነጭ ነገር ከዘሩና ከቀዩ ክር ተለይቶ በእጅ ይታሻል፤ በወንፊትም ይነፋል። ለዒድ ብስኩት ወይም ያለ እርሾ ለሚጋገር ጣፋጭ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ የጎንጎሌስ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢካርቦኔት በደረቁ ይደባለቃል፤ ውሃ ከነካው በኋላ ግን ሳይዘገይ ወደ እሳት መግባት አለበት። ቢካርቦኔቱ ከበዛ ብስኩቱ ሳሙና ሳሙና ይላል። በእርሾ በሚነሣ ሊጥ ውስጥ ደግሞ ብዙ ኮምጣጣ እርሾውን ስለሚያደክመው ለኪሎ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለፍ አይገባም። ስለ ጎንጎሌስ ቪታሚን ሲ ብዙ ይነገራል፤ እውነትም አለው። ይሁን እንጂ የምድጃ ሙቀት ይህን ቪታሚን ያጠፋል፤ ለጤና የፈለገው ሰው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይጠጣው።

ዓረዲብ በገበያ ተጠፍጥፎ እንደ ጥቁር ቂጣ ይሸጣል። አሸዋና ጭራሮ ስለማያጣው በሞቀ ውሃ ተዘፍዝፎ በጨርቅ መጠለል አለበት። ከስኳር ጋር ጥቂት ከፈላ በኋላ ከምጣድ በወጣ ትኩስ ዳቦ ላይ ቢቀባ ያማረ ወዝ ይሰጣል። ሊጥ ውስጥ ቢገባ ግን መልኩን ስለሚያጠቁር ነጭ ዳቦ የለመደ እንግዳ አይወደውም።

ዶም በአትባራ፣ በሰቲትና በጋሽ ወንዞች ዳር የሚበቅለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ዘንባባ ፍሬ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች ዓርኮኮባይ ይሉታል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 አትባራን ተከትሎ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ሲጓዝ እነዚህ ዘንባባዎች የወንዙን ዳር ይዘው እንደ ቆሙ ጽፏል። በጣሊያን ዘመን በኤርትራ የውስጡ ነጭ አስኳል ለአዝራር መሥሪያ ይውል ነበር፤ ከዚህ ጥንካሬው ይታወቃል። የሚበላው ከላይ ያለው ቡናማ ልብስ ሲሆን ጣዕሙ የተቃጠለ ስኳርና ዝንጅብል የተቀላቀለበት ይመስላል፤ እንግሊዞችም ዛፉን «የዝንጅብል ዳቦ ዛፍ» ብለውታል። ዳሩ ግን ክሩ ብዙ ነው። ተወቅጦና ተነፍቶ ጥሩ ዱቄት የሚወጣው ጥቂት ብቻ ስለ ሆነ ከመፍጨት ይልቅ ተቀጥቅጦ ሌሊቱን በውሃ ቢያድርና ውሃው ተጠልሎ ሊጡ ቢቦካበት ድካሙ ይቀንሳል፤ መዓዛውም አይጐድልም። ጉደይምም እንዲሁ ነው። የደጋ ሰው ከሚያውቀው ከለንቋጣ ጋር የሚዛመደው ይህ ትንሽ ብርቱካንማ ፍሬ በብረት ማዕድን የታወቀ ስለ ሆነ ሱዳናውያን ነሻ የሚባለውን አጥሚት ሠርተው በተለይ ለአራስና ለነፍሰ ጡር ይሰጡታል። ዘሩ ከሥጋው ስለሚበልጥ እንዳለ ወደ ዳቦ አይገባም፤ ውሃው ግን ለሊጡ ቀላ ያለ መልክና መለስተኛ ኮምጣጣነት ይሰጠዋል።

አሁን ደግሞ ስለማይገቡት። ላሎብ የሚባለው የበደኖ ፍሬ በገበያ ሞልቷል፤ ልጆችም እንደ ከረሜላ ይመጡታል። ሥጋው ግን ከጣፋጭነቱ ጋር መራራ ነው፤ ከዘሩም ተጣብቆ አልለቅ ይላል። በዛፉ ፍሬና ቅርፊት ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣ ነገር ዓሣንና የውሃ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ በዚሁ ምክንያት አርቺባልድ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት በሱዳን ይህን ፍሬ መጠቀምን አጥንቷል። ሰው ቢመጠው አይጎዳውም፤ ለዳቦ ግን አይሆንም። ሙኸይት የሚባለው ደግሞ የረኀብ ዘመን ምግብ ነው፤ ፍሬ ዘሩ ውሃው እየተለወጠ ለብዙ ቀን ካልተዘፈዘፈ በስተቀር መርዝ አለው። የቸኮለ ሰው ለበዓል ሊነካው አይገባም። እምቧይ፣ ጉሎ፣ አስተናግርና ሱዳናውያን ዑሸር የሚሉት ጦቢያው አደገኛ መሆናቸውን የአገሬው ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ከሌላ አገር በስደት የመጣ ልጅ ግን ላያውቅ ይችላል። ሽማግሌ ያላወቀውን ፍሬ ማንም ወደ ቤት አያስገባ።

ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ በስደተኞች ሰፈር ይበረታል። ከወሰኑ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1977ቱ የረኀብ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ተቀብሎ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት እንደገና ተከፈተ፤ ቀጥሎም ቱነይድባ ተቋቋመ። በእነዚህ ሰፈሮች የሚታደለው እህል በብዛት ማሽላ ነው። ማሽላ ሊጥን የሚያያይዘው ላስቲክ መሰል ነገር ስለሌለው ብቻውን አምባሻ አይሆንም፤ ይሰነጠቃል። ለአራት እጅ ስንዴ አንድ እጅ ማሽላ ቢደባለቅ ግን ዳቦው አይበላሽም፤ ስንዴውም ይተርፋል። ድፎ ለመጋገር ኮባ የለመዱ እናቶች በሙዝ ቅጠል ይተኩታል፤ ይህም ካልተገኘ ዘይት የተቀባ ወረቀት ያገለግላል። ስንዴው ተበድሮ፣ ፍሬው ተለቅሞ፣ ዳቦው ተቆርሶ ልጆች «ዛሬ በዓል ነው» ማለት ከቻሉ፣ ለሰፈሩ እናቶች ትንሽ ነገር አይደለም።

ለቀማው ግን የራሱ ችግር አለው። ሴቶችና ልጆች ፍሬና እንጨት ፍለጋ ከሰፈር ርቀው ሲወጡ ለድብደባና ለዘረፋ ይጋለጣሉ፤ ከእርሻ ባለቤቶችም ጋር ይጣላሉ። የገዳሪፍ ሜዳ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በትራክተር እየታረሰ ለማሽላና ለሰሊጥ ስለ ዋለ ዱሩ ወደ ዳር ተገፍቷል፤ የቀረውም ለከሰል ይቆረጣል። ስለዚህ የመንደርና የገበያ ሹማምንት ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ከእርሻው ባለቤት ጋር ተነጋግሮ የለቀማ ቀን መወሰን፣ ለቃሚዎቹ በቡድን ሆነው አብሯቸው የሚሄድ ሰው መመደብ፣ ቅርንጫፍ መቁረጥን ከልክሎ መነቅነቅን ብቻ መፍቀድ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ፍሬው ከመኪና መንገድ አቧራና ከጸረ ተባይ ከተረጨ እርሻ ዳር እንዳይለቀም መቆጣጠርም የእነሱ ድርሻ ነው። ቁርቁራ ከዘር በቀላሉ ስለሚበቅል በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ አጥር ዙሪያ ቢተከል ለቀማው ወደ ደጅ ይቀርባል፤ እሾሁም አጥር ይሆናል።

በገናና በጥምቀት ፍሬው ትኩስ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ግን ዛፉ ባዶውን ይቆማል፤ ለእንቁጣጣሽማ ጭራሽ አይታሰብም። ረመዳንና ዒድም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየመጡ ወቅት ይለዋውጣሉ። ለእነዚህ በዓላት የሚበቃው በጥርና በየካቲት ወር ተወቅጦ የተቀመጠው ብቻ ነው። ዱቄቱ በደንብ ሳይደርቅ ከተከደነ በክረምቱ እርጥበት ይሻግታል፤ የሻገተውም በመጋገር ስለማይድን ይጣላል። ስለዚህ ሁለት ቀን በፀሐይ ሰጥቶ፣ ቀዝቅዞ ሲያበቃ ክዳኑ በሚጠብቅ ጣሳ ወይም ጠርሙስ ሞልቶ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ በጨለማ ስፍራ ማኖር ነው፤ በየወሩም ተከፍቶ ይሸተታል።